ከጥጥ ማኅበር እስከ ቤቲንግ ቤት

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር መውጣት ነበረበት፤ ዳገቱ ግን ከባድም ውድም ሆኖ ስለተገኘ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር፣ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ከወንዙ ወዲያ መጋላ በገበያውና በመስጊዱ ዙሪያ እንደልቡ ሲሰፋ፣ ወዲህ ማዶ ከዚራ በባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች እጅ ቀጥ ያለ መንገድና የዛፍ ጥላ ይዞ ተሠራ። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑና ከየአውራጃው ለሥራ የመጣው ኢትዮጵያዊ ለገሀሩን ከበው ሰፈሩ። እንዲህ ባለ ሰፈር ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የት እንደሚሠራ ነው፤ ባቡር ነው፣ ጥጥ ነው፣ ሲሚንቶ ነው ይባላል። የከተማዋ እግር ኳስ የተመሠረተውም በዚሁ ላይ ነው። ዛሬ በከዚራና በአካባቢዋ ወጣቱ የእንግሊዝ ቡድኖችን ውጤት እየገመተ ትኬት ሲቆርጥ የሚያይ ሰው ጥፋቱን በስልኩ ወይም በሥራ አጥነቱ ላይ ይጥላል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ታሪኩን ከሥሩ የተከተለ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ፖለቲካ ከዚህ ኳስ ተለይቶ አያውቅም፤ ሰውም ሁሌም ይወራረድ ነበር። የተለወጠው ክለቡ የማን ነው የሚለው ነው። (ዓመቶቹ ካልተለየ በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ኳስና ፖለቲካ በአገራችን የተጋቡት ገና ከጅምሩ ነው። በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጣሊያኖችና ሕንዶች በየማኅበረሰባቸው ቡድን አቁመው ይጫወቱ ነበር። የአራዳ ልጆች የራሳቸውን ቅዱስ ጊዮርጊስን የመሠረቱት በ1928 ነው፤ ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን ያዘ፤ ከቀናት በኋላ ድሬዳዋም ተያዘች። ወራሪው እግር ኳስን አልከለከለም። ተወላጁን ከነጩ ለይቶ ማጫወትና ስም መቀየር ይበቃው ነበር፤ ጊዮርጊስም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ስሙን ለውጦ ቡድኑን ማኖር ከክልከላ የበለጠ ብልጠት አለበት፤ የተከለከለ ነገር ጀግና ያፈራልና። እንግሊዞች በአየርላንድ ያደረጉት ከዚህ ሻካራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ቱርልስ በምትባል ከተማ የተቋቋመው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር የአገሩን ባህላዊ እግር ኳስና ሆኪ መሰል ጨዋታ ከእንግሊዝ ስፖርት ለይቶ ሲያሳድግ፣ አባላቱና የነጻነት ታጋዮቹ በብዙ ቦታ አንድ ሰዎች ሆኑ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1920 ታጋዮቹ ጠዋት የእንግሊዝ ሰላዮችን ደብሊን ውስጥ ገደሉ፤ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ኃይሎች ክሮክ ፓርክ በጨዋታ ላይ ገብተው ተኩስ ከፈቱ። 14 ሰዎች ሞቱ፤ አንዱ የቲፐራሪ ተጫዋች ማይክል ሆጋን ነበር።

ሁለቱ ታሪኮች አንድ ቦታ ላይ ይነካካሉ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው ቃል ኪዳኑ ይከበር ካሉት አንዱ የአየርላንድ ሪፐብሊካኖች መሪ ኤመን ዴ ቫሌራ ነበር። በአገሩ የነበሩት ባለሰማያዊ ሸሚዞች ደግሞ ሙሶሊኒን ያደንቁ ነበር። ማኅበሩ ኢትዮጵያን አላዳነም፤ የትናንሽ አገሮች ጩኸትም ውሎ አላደረም። ወደ ኳሱ ስንመለስ ግን አየርላንዶች ከእኛ የሚለዩበት ነገር አለ። እኛ የባዕዱን ጨዋታ ተቀብለን የራሳችን አደረግነው። እነሱ «የባዕድ ጨዋታ» ብለው እግር ኳስ የሚጫወተውንም የሚመለከተውንም ከጌሊክ ማኅበራቸው ያባርሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዳግላስ ሃይድ የአየርላንድና የፖላንድን ግጥሚያ ስታዲየም ገብተው ስላዩ ብቻ ከማኅበሩ የበላይ ጠባቂነት ተሰረዙ። ደንቡ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ጭፍንነት ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በማኅበሩ ውስጥ ምን ይፈቀድ ምን ይከልከል የሚለውን የሚወስነው በየአጥቢያው መዋጮ የሚከፍለው አባል መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ይህ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ድሬዳዋ በመጋቢት 1933 ከጣሊያን እጅ ወጣች። ወራሪው ጥሏቸው የሄዳቸው የሲሚንቶና የጥጥ ፋብሪካዎች ግን ቀሩ፤ ከባቡሩ ጋር ሆነው ከተማዋን የሠራተኛ ከተማ አደረጓት። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቁሞ የአገር ሻምፒዮና ሲጀመር፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ዋንጫ የጦር ሠራዊት ቡድኖች ተቆጣጠሩት። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ዘመን ደግሞ ሐማሴን፣ አከለ ጉዛይ የሚል የአውራጃ ስም የያዙ ቡድኖች ዋንጫውን ወደ አስመራ ወሰዱ፤ ስሙ ራሱ ፖለቲካ ነበር። ከዚያ የድሬዳዋ ተራ መጣ። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ጥጥ ማኅበር ከ1952 እስከ 1957 ባለው ጊዜ አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። መሐል ላይ ሲሚንቶ አንዱን ወሰደ። ዋና ከተማ ሳትሆን፣ የጦር ሰፈርም ሳትሆን፣ ሁለት ፋብሪካ ያላት ከተማ የአገሩን ኳስ ግማሽ አሥር ዓመት ያህል ገዛች ማለት ነው።

ይህን ዘመን ማሳመር ቀላል ነው፤ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጥጥ ማኅበር የሠራተኛው ንብረት አልነበረም። ክለቡን የሚያስተዳድረው ፋብሪካው ነው፤ ጎበዝ ተጫዋች ከአስመራም ከሐረርም እየፈለገ ሥራ በመስጠት የሚያመጣውም እሱ ነው። ሠራተኛው በክለቡ ላይ የሚሰጠው ድምፅ አልነበረውም። ይሁንና በተጫዋቹና በተመልካቹ መካከል የነበረው ርቀት አንድ የፋብሪካ አጥር ብቻ ነበር። እሑድ ጎል ያገባውን ሰው ሰኞ ጠዋት በበሩ ሲገባ ያዩታል፤ ደመወዛቸውን በአንድ መዝገብ ላይ ይፈርማሉ። እንዲህ ያለ ሰው በጨዋታ ላይ ቢወራረድ የሚወራረደው ከሲሚንቶው ወዳጁ ጋር ነው፤ የተሸነፈ ሻይ ወይም ለስላሳ ይጋብዛል፤ ከዚያ ከፍ ካለ የዕለቱን ጫት ይገዛል። ገንዘቡ ከሰፈር አይወጣም፤ የተበላውም ነገ መልሶ ይበላል። ስለ ተጫዋቹ ጉልበት፣ ጉዳት፣ ጠባይ የሚያውቀውን ነገር ይዞ ስለሚወራረድ ፍርዱ የራሱ ነው። ይህ ዓይነቱ ውርርድ ዛሬም በአየርላንድ መንደሮች አለ፤ ክሮስማግሌን በምትባል የሰሜን መንደር ያለ ሰው የጎረቤቱን ልጅ ጉልበት ከማንኛውም የደብሊን አቋማሪ ይልቅ ያውቃል።

1954 ዓ.ም. በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ዓመት ነው። ጥር 13 ቀን አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ተብላ የተጫወተችውን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። ሁለት ጊዜ ተመርታ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አቻ ሆና፣ በጭማሪ ሰዓት ነው የጨረሰችው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የጥጥ ማኅበር ተጫዋች ነበር፤ ከእናቱ ኤርትራዊ፣ ከአባቱ ጣሊያናዊ። ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ የሚቀበለው የጣሊያን ስም ያለው ሰው መሆኑ አንዳንድ ባለሥልጣናትን እንዳልጣማቸው፣ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ግን አምበሌ እሱ ነው ብለው እንደጸኑ ይነገራል። ዋንጫውን ሉቺያኖ ተቀበለ። ብሔራዊ ሎተሪም የተቋቋመው በዚሁ በ1954 ነው። ያኔ ሁለቱን ያገናኘ አልነበረም፤ አንዱ ስታዲየም ነው፣ ሌላው በየመንገዱ የሚዞር የዕድል ቁራጭ። ስድሳ ዓመት ሳይሞላ ሎተሪው የስፖርት ውርርድ ፈቃድ ሰጪ ሆኖ ሜዳው ላይ ተገኘ።

ደርግ ሲመጣ ፖለቲካው ገሀድ ወጣ። ከየካቲት 21 እስከ መጋቢት 5 ቀን 1968 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታስተናግድ አንዱ ምድብ ለድሬዳዋ ተሰጠ። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ያለፈው ውድድር አሸናፊ ዛየር ወደ ከተማዋ መጡ፤ ናይጄሪያ ዛየርን 4 ለ 2 የረታችው እዚህ ነው፤ በመጨረሻ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮም ጉዞዋን የጀመረችው ከዚሁ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በ1960፣ ሁለተኛዋ አስተናጋጅ ከተማ አስመራ ነበረች። በ1968 ኤርትራ ውስጥ ጦርነት ነበርና ድሬዳዋ በቦታዋ ገባች። በሚቀጥለው ዓመት የባቡሩ ቡድን ምድር ባቡር የአገር ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ክረምት የሶማሊያ ጦር ገፍቶ የባቡሩን መስመር ቆረጠ፤ በነሐሴ 1969 ጦሩ ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ። ጦርነቱ ባበቃበት በ1970 ዋንጫውን ያነሣው ኦጋዴን አንበሳ የሚባል የሠራዊት ቡድን ነው። የሻምፒዮኖችን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ያነበበ ሰው የአገሩን ታሪክ ያለ ማብራሪያ ያገኘዋል።

ጥጥ ማኅበር በ1975 አምስተኛና የመጨረሻ ዋንጫውን አገኘ። ከዚያ በኋላ ያለው መውረድ ነው፤ ብዙ አያስወራም። ፋብሪካው እርጅና ተጫነው፤ ከ1983 በኋላ የመጣው የገበያ ሥርዓት ከውጭ የሚገባውን ጨርቅ ፊት ለፊት አቆመበት፤ አሮጌው ባቡርም እየተዳከመ ሄዶ ቆመ። የሥራ ቦታው ሲደክም በሥራ ቦታው ስም የቆመው ክለብ አብሮ ደከመ። ቦታውን የያዘው ድሬዳዋ ከተማ ነው፤ ብርቱካናማዎቹ። ባለቤቱ የከተማው አስተዳደር፣ ደመወዝ ከፋዩም የከተማው በጀት ነው። አስተዳደሩ ራሱ ሥልጣንን በ40፣ 40 እና 20 መቶኛ የሚያካፍል ቀመር ያለው በመሆኑ በከተማዋ ውስጥ ፖለቲካ ማለት ድርሻ ማለት ሆነ። ደጋፊው ክለቡን አልጠላውም፤ ሲጫወት ስታዲየም ይሄዳል። ነገር ግን ክለቡ ወርዶ ቢቀር የሚቀርበት ነገር ምንድን ነው? የጥጥ ሠራተኛ ክለቡ ሲሸነፍ ሰኞ ፋብሪካ በር ላይ የሚያፍርበት ሰው ነበረው። የበጀት ክለብ ሲሸነፍ የሚያፍረው ቢሮ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ሰዎች የኔ የሚሉት ክለብ መኖሩ መልካም ከሆነ፣ ከ2010 ወዲህ በየስታዲየሙ ያየነው ደም ምንድን ነው? በኅዳር 2010 ወልዲያ ላይ ከመቐለ ጋር ሊደረግ በነበረ ጨዋታ ሰበብ ሰው ሞቷል፤ ንብረት ወድሟል። ቀጥሎ የአማራና የትግራይ ክለቦች በገለልተኛ ሜዳ እንዲገናኙ ተደረገ። በዚህ ዓይን ሲታይ ከሩቅ አገር ቡድን ላይ ትኬት የሚቆርጥ ወጣት ሰላማዊ ነው፤ ማንቸስተር ቢሸነፍ ድንጋይ አይወረውርም። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም እነዚያ ክለቦች ሕዝባዊ ስም ቢይዙም፣ በጀታቸውና አመራራቸው ከክልልና ከከተማ አስተዳደር የሚወርድ ነበር። ደጋፊው ስሜቱን እንጂ ድምፁን የሚሰጥበት መድረክ አልነበረውም። ስሜት ያለ ኃላፊነት ሲሰጥ ማን እንደሚጠቀምበት ደግሞ የታወቀ ነው። የአየርላንዱ ማኅበር በሰሜን በኩል ሠላሳ ዓመት ገደማ በዘለቀው ደም መፋሰስ ውስጥ አልፏል፤ የእንግሊዝ ጦር የክሮስማግሌንን ክለብ ሜዳ በከፊል ይዞ ሰፍሮ ነበር፤ ማኅበሩም የእንግሊዝ ፖሊስና ወታደር አባል እንዳይሆን ይከለክል ነበር። ያን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2001 የሰረዘው አባላቱ በጉባኤ ተከራክረው ነው። ከፖለቲካ ያልጸዳ ክለብ በራሱ አባላት እጅ ሊታረም ይችላል። የበጀት ክለብ የሚታረመው ከላይ ትእዛዝ ሲመጣ ነው፤ ትእዛዙ እስኪመጣ ሰው ይሞታል።

ውርርድ ቤቶች የመጡት በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ዲኤስቲቪ ቤቶች በከዚራም በመጋላም ተከፈቱ፤ ቅዳሜና እሑድ ለከተማዋ ልጅ ስታዲየሙ ቴሌቪዥን ሆነ። ቀጥሎ ብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ የሰጣቸው ቤቲንግ ቤቶች ከጎናቸው በቀሉ። ነገሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የዕለቱ ጨዋታዎች ከነኦዳቸው ታትመው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ወጣቱ እስክሪብቶ ይዞ ይመርጣል፤ ካሸሩ ቁጥሩን አስገብቶ ቀጭን ወረቀት ያወጣለታል። በአሥር ብር ብዙ ሺህ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው አንድ ጨዋታ አይመርጥም፤ አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት ያስራል። ስሌቱ እዚህ ጋ ይደበቃል። ለምሳሌ አቋማሪው በእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ ከመቶ አምስት ብር ብቻ ለራሱ ያስቀራል እንበል፤ ለአንድ ጨዋታ ትንሽ ነው። አሥሩ ሲባዙ ግን ከመቶ ብር በአማካይ ተመልሶ የሚመጣው ወደ 60 ይወርዳል። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ከ1,000 ብር ባለፈ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ጣለ። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚሰማው ግን ይህ አይደለም፤ ዘጠኙን አግኝቶ በአሥረኛው የተበላው ሰው ወሬ ነው። እዚያው በርጫ ላይ ስለ መንግሥት ዝግ ብሎ፣ ስለ አርሴናል ተጮኾ ይወራል። ስለ ብርቱካናማዎቹ የሚያወራ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ጠና ያለ ነው።

ውርርድ አዲስ ነገር አይደለም የሚል ይኖራል፤ ትክክል ነው። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ባላጋራዎች ማር ወይም በቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታው ያስያዘው ለዳኛው ይገባ ነበርና እዚያም ቢሆን ሁልጊዜ የሚያተርፍ ሦስተኛ ወገን ነበረ። ሥራ አጥነቱ ነው የሚለውም እውነት አለው፤ ወጣቱ ለምን እንደሚወራረድ ያስረዳል። ለምን በማያውቀው ሰው ጉልበት ላይ እንደሚወራረድ ግን አያስረዳም። የጥጥ ዘመን ሰው ስለሚያውቀው ነገር ከሚያውቀው ሰው ጋር ይከራከር ነበር። የዛሬው ሰው እሱ ከሚያውቀው የበለጠ ከሚያውቅ ማሽን ጋር ነው የገጠመው።

አየርላንድም ከዚህ አልዳነችም። የክሮስማግሌኑ ኦይሲን ማኮንቪል እ.ኤ.አ. በ2002 አርማህን ለሁሉ አየርላንድ ዋንጫ ካበቁት አንዱ ነው፤ የቁማር ሱስ ሕይወቱን እንዴት እንዳመሰቃቀለው ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ሥር የሰደደ የሰፈር ክለብ ሰውን ከሱስ አያድንም ማለት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ማኅበሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በዓመታዊ ጉባኤው ማንኛውም ክለብ፣ አውራጃም ሆነ ውድድር ከአቋማሪ ድርጅት ስፖንሰርነት እንዳይቀበል በከፍተኛ ድምፅ ወሰነ። ገንዘቡን ማጣት የማይጎዳቸው ሆነው አይደለም፤ ከ2,000 በላይ ክለቦች አሏቸው፤ ተጫዋቾቻቸውም ደመወዝ የላቸውም። የሚጎዳውን የሚያውቁት የራሳቸው ልጅ ስለሆነ ነው። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 እስከ ዕረፍታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሳሉ ንግዱ ጨዋታውን እንዳይውጠው አጥብቀው ይከራከሩ ነበር፤ እሳቸው ያሳደጉት የአገራቸው ሊግ ግን በ2013 «ቤትኪንግ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» ተብሎ ተጀመረ። ያኔ የሊጉን ጨዋታ ያሳይ የነበረው ሱፐርስፖርት የመልቲቾይስ ነበር፤ መልቲቾይስ ደግሞ በቤትኪንግ እናት ኩባንያ ውስጥ በዚያው ሰሞን ድርሻ ገዝቶ ነበር። ኳሱን የሚያሳየውና ውጤቱን የሚያቋምረው ገንዘብ በአንድ ኪስ ተገናኘ። ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች በዙር ሲደረጉ ድሬዳዋ ስታዲየምም አስተናጋጅ ነበር፤ ዛየርና ናይጄሪያ በተጫወቱበት ከተማ ሜዳውን የውርርድ ድርጅት ማስታወቂያ ከበበው።

ውሉን ያለ ድምፅ የፈረመው የለም። ሊጉ የሚመራው ክለቦች ባለድርሻ በሆኑበት አክሲዮን ማኅበር ነው፤ ክለቦቹ በወንበራቸው ተቀምጠው ተስማምተዋል። በየወንበሩ ላይ የተቀመጡት ግን በአብዛኛው የከተማ አስተዳደር፣ የባንክና የመንግሥት ድርጅት የመደቧቸው ሰዎች ናቸው። የድሬዳዋ ደጋፊ ስለ ቤትኪንግ ይሁን አይሁን የተጠየቀበት ጉባኤ አልነበረም፤ የጥጥ ማኅበር ሠራተኛም በጊዜው ስለ ክለቡ አልተጠየቀም ነበር። ልዩነቱ ያኔ የቡድኑ አለቃና ተመልካቹ በአንድ በር ይገቡ ስለነበር መልሱ ሳይጠየቅም መሰማቱ ነው።